መዝለል ያቃታት የስፖርት አስተማሪ

ድካም ምን እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ካለ እኔ ቤት ይምጣ። ትልቁ ልጄ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ትንሿ ገና መቀመጥ መልመዷ ነው። አንዱ ሲተኛ ሌላዋ ትነቃለች፤ ተመካክረው የሚያደርጉት ነው የሚመስለው። ባለቤቴ ጥሩ ሰው ነው፣ አልዋሽም፤ ግን ሕፃን ሲያለቅስ የሚሰማውን ጆሮ እግዜር ለእናት ብቻ የሰጠ መሰለኝ። እሱ ያንኮራፋል። ጠዋት ተነሥቶ «ዛሬስ ደህና አደሩ» ይለኛል። ቁርሱን አቀርብለታለሁ። መቆጣትም እኮ ጉልበት ይጠይቃል።

ሥራዬ ደግሞ ምን መሰላችሁ? እዚሁ ቢቸና ስፖርት አስተማሪ ነኝ። ከመውለዴ በፊት ሜዳውን ከተማሪዎቼ ጋር እዞር ነበር፣ ገመድ እዘል ነበር፤ ጎረምሶቹ እያለከለኩ ሣሩ ላይ ሲዘረሩ እኔ ቆሜ እስቅባቸው ነበር። ባለቤቴ ራሱ መጀመሪያ ያየኝ በቱታ ነው። ሽማግሌ ሊልክ ሲል እናቱ «ያችን ሱሪ ለባሽ?» ብለው ነበር አሉ። አዎ፣ ያችን ሱሪ ለባሽ።

ከወሊድ ፈቃድ የተመለስኩት በመስከረም፣ ትምህርት ሲከፈት ነው። የመጀመሪያው ሳምንት እንደ ምንም አለፈ። በሁለተኛው ገመድ ዝላይ ነበረ። ልጆቹን በክብ አቆምኳቸውና «እዩኝ» ብዬ ገመዱን ያዝኩ። ትንሽ እንደ ዘለልኩ ሽንቴ አመለጠኝ።

ሌላ ቃል ፈልጌለት ነበር፤ የለውም። ሽንቴ አመለጠኝ። ጠብታ አይደለም፣ እግሬ ድረስ ወረደ። ቱታዬ ጥቁር መሆኑ ነው ያወጣኝ። ገመዱን ለአንዷ ተማሪ ወረወርኩላትና ሹራቤን አውልቄ ወገቤ ላይ አሰርኩ፤ «ቀጥሉ!» አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ከዚያን ቀን ወዲህ ወንበር አስወጥቼ ጥላ ሥር ተቀምጬ ፊሽካ መንፋት ሆነ ሥራዬ። ልጆቹ ወሬ አያልቅባቸውም። «ቲቸር እኮ ወፍራ መነሣት አቃታት» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ይበሉ። እውነቱን ከሚያውቁ ወፍራለች ቢሉኝ ይሻለኛል።

ርዕሰ መምህሩ ቢሮው ጠራኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ እንዲያውም ያዘነልኝ መስሎታል። «ሁለት ሕፃን ይዘሽ ሜዳ ላይ ከምትንገላቺ የክፍለ ጊዜ ሎድሽን ላቅልልሽ ብዬ ነው፤ ላይብረሪው ሰው የለውም፣ ቁጭ ብለሽ ትውያለሽ። እስከ ጥር ሜዳው ላይ እንይሽና ካልሆነ እዚያው ትገቢያለሽ» አለና ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። አመስግኜ ወጣሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ከዳይፐሩና ከጡጦው መሀል ወረወርኩት፤ በሄድኩበት ሁሉ ይንሿሿ ጀመር። እኔ ሜዳውን ካጣሁ ምን ይቀረኛል? ላይብረሪ ነውር የለበትም፤ ግን እኔ መቀመጥ አልችልበትም። በእግሬ ነው የኖርኩት።

በሆዴ ደግሞ ሌላ ፍርሃት ነበር። ያ በምጥ የሚመጣው ፌስቱላ ይሆን? ያችን ቃል በሬዲዮም በስብሰባም ስሰማ ኖሬያለሁ፤ ሁልጊዜ የሌላ ሰው በሽታ ነበረች። ለባለቤቴ አልነገርኩም። እንዴት ተብሎ ይነገራል? ማታ ማታ አልጋው ላይ ጀርባዬን ሰጥቼው እተኛለሁ፤ እሱ የደከመኝ ይመስለዋል። ደክሞኛልም።

ታዲያ መድኃኒቱ ምንድን ነው አልኩ ለራሴ። ስፖርት ተምሬ የለ? «ሰውነት የሚመለሰው በእንቅስቃሴ ነው» እያልኩ ስንቱን አሰልችቻለሁ! መጀመሪያ ቤት ውስጥ ሞከርኩ። ምንጣፍ አንጥፌ በጀርባዬ ጋደም ስል ትልቁ ሮጦ መጥቶ ሆዴ ላይ ፊጥ አለና «ቼ! ቼ!» ይላል። ትንሿ ጋደም ያልኩት እሷን ላጠባ መስሏት እየተንፏቀቀች ደረቴ ጋ ትደርሳለች። አንዱን ሳወርድ አንዷን ሳቅፍ ጎኔ ተቀጨ። ኤዲያ! ተውኩት። ሁሉም ሳይነሡ፣ ጎህ ሲቀድ ወጥቼ እሮጣለሁ አልኩ።

ሰው ሞኝ ከሆነ እንደኔ ይሁን። እዚህ አገር ተወልጄ አድጌ፣ አንዲት ያገባች ሴት በማለዳ ያለ ነጠላ ስትሮጥ ምን እንደሚባል መርሳቴ!

ወጣሁ። ፀጉሬ አልተበጠረም፤ ነጠላ ማን ያስታውሳል። ውሻ የማይበዛበት ነው ብዬ ወደ ሞጣ የሚያስወጣውን መንገድ ያዝኩ። ብርዱ ዓይኔን እያስነባው፣ አፍንጫዬ እየፈሰሰ፣ አህያ የጫነ ሰው ሁሉ ዞር እያለ እያየኝ እሮጣለሁ። ጎረቤታችን፣ እትዬ የምላቸው አሮጊት፣ ኪዳን አድርሰው ሲመለሱ መንገድ ላይ ተገጣጠምን። «ምነው ልጄ? ምን ሆንሽ?» አሉኝ ደንግጠው። ልመልስላቸው አፌን ብከፍት ትንፋሽ የለም። ዝም ብዬ እንዳላልፍ እጄን አወናጨፍኩላቸውና ሄድኩ። «ደህና ነኝ፣ ይለፉ» ማለቴ ነበር።

እሳቸው የተረዱት ሌላ ነው። እናቴ ሞጣ እንደምትኖር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ራሷን ያልተከናነበች ሴት፣ እንባዋን እያፈሰሰች፣ በሞጣ መንገድ፣ ጎህ ሲቀድ፣ አፏ አልላቀቅ ብሎ እጇን ስታወናጭፍ! የሰማ ይፍረድ።

ብዙም አልሮጥኩ፤ ጉልበቱስ ከየት መጥቶ። ከወገቤ በታች ርሼ፣ የባሰ ተዋርጄ፣ ቀስ እያልኩ ስመለስ የግቢያችን በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ውስጡ ሰው ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፣ ወንዶቹ በአጥሩ ጥግ ተደርድረዋል። ባለቤቴ ትንሿን አቅፎ ትልቁን በእጁ ይዞ ቆሟል፤ ዓይኑ ቀልቷል። እኔን ሲያዩኝ እትዬ «እናቷን! ያችን ደግ እናቷን!» ብለው ጩኸታቸውን ለቀቁት።

እናቴ ሞተች! እኔ ደግሞ ሌላ ምን ላስብ? እኔ በሌለሁበት ተደውሎ፣ ባለቤቴ ሰምቶ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ነው የመሰለኝ። እዚያው በሩ ላይ ቁጭ ብዬ «እማ! እማዬ!» እያልኩ ደረቴን ደቃሁ። እነሱ ከኔ ሰሙ፣ እኔ ከነሱ ሰማሁ፣ ሁላችንም አለቀስን። በመሀሉ ባለቤቴ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ በቀስታ «ለመሆኑ መቼ ነው የደወሉልሽ?» አለኝ።

«ለማን?»

«ለአንቺ ነዋ!»

«ለኔማ ማንም አልደወለም! ላንተ ደውለው አይደለም እንዴ?»

ልቅሶው ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ እያለ ቆመ። ባለቤቴ ስልኩን አወጣና ሞጣ ደወለ፣ ድምፁን ለቆ። ጥቂት ጮኸና ያ የማውቀው ድምፅ መጣ፤ «ሃሎ? ምነው በማለዳው? ልጆቹ ደህና ናቸው?»

እትዬ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወደኔ መጡ። «ታዲያ አንች ልጅ ምን ሆነሽ ነው እንደዚያ የሮጥሽው?»

«ለጤናዬ ነው እትዬ።»

«ለጤናሽ! ጤነኛ ሰው ይሮጣል?»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። «ሞተች የተባለ ዕድሜዋ ይረዝማል» እያሉ፣ ባለቤቴን በጀርባው እየመቱ ወጡ። ዕድሩ ጥሩምባ ሊያስነፋ ሰው ልኮ ኖሮ እሱን ለማስመለስ ሌላ ሰው ሮጠ። ሁሉም ሄዶ እኔ ብቻ ማልቀሴን ማቆም አቃተኝ። እናቴ በሕይወት አለች፣ ድምፅዋን ሰምቻለሁ፣ እኔ ግን እንባዬ ይወርዳል። ያለቀስኩት ለናቴ ብቻ አልነበረም። ለወገቤም፣ ላልተኛሁት እንቅልፍም፣ ለዚያ ቁልፍም ነበር። ለቅሶ ቤት የተገኘ እንባ ሰበብ አይጠየቅም።

በዚያው ሳምንት ልቤን አጠንክሬ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። አዋላጇ ነርስ ጥያቄ ጠይቃኝ፣ አይታኝ ስታበቃ «ፌስቱላ አይደለም» አለችኝ። «ፌስቱላ ብትሆን ተቀመጥሽም ተኛሽም ይፈስሽ ነበር። ያንቺ ስትዘይ፣ ስታስይ፣ ስትስቂ ነው። ከታች የሚይዘው ጡንቻ በወሊድ ተለጥጦ ላልቷል። ለጊዜው ሩጫውን ተይው፣ ያብስብሻል።» ከዚያ ጡንቻውን የሚያጠነክረው እንቅስቃሴ እንዴት እንደሚደረግ አሳየችኝ፤ ሽንት መጥቶብሽ መግቢያ ስታጪ እንደምትይዥው አድርገሽ ወደ ላይ ሰብስቢ፣ ትንሽ ቆዪ፣ ልቀቂ። ስታጠቢም፣ ስትከትፊም፣ ባጃጅ ውስጥም። ወራት ይፈጃል፤ ካልተሻለሽ ተመለሽ፣ ሌላ ሕክምና አለ።

ደስ አለኝ፣ ተናደድኩም። ስለ ጡንቻ ነው ዲግሪዬ! የጭኑን፣ የባቱን፣ የክንዱን በስሙ አውቃለሁ፤ ስለዚህኛው ግን አንድ አስተማሪ ትንፍሽ አላለልኝም። ደግሞ ወራት! ሌላ ሥራ ተጨመረልኝ ማለት ነው፤ የማይታይ፣ ማንም «በርቺ» የማይለው ሥራ። ለባለቤቴ የዚያን ቀን ነገርኩት። ራሱን አከከ። «እኔ እኮ የጠላሽኝ መስሎኝ ነበር» አለ። አልሳቅሁም፣ ደክሞኝ ነበር፤ ግን ፊቴን ወደሱ አዙሬ ተኛሁ።

እናቴ ደግሞ የሞቷን ወሬ ሰምታ ስልኩን አላስቀምጥ አለች። «ለኔ ስትሮጭ ከሆነ በእግርሽ አትምጭ፣ በመኪና ነይ» ትላለች። ቀልዷ ሲያልቅ ግን ድምፅዋ ተለወጠ፤ «ነይና ልይሽ። ደህና ሰው ዝም ብሎ አይሮጥም።» መንገዱ በጸጥታው ችግር አንድ ሳምንት ክፍት፣ አንድ ሳምንት ዝግ በሆነበት ጊዜ ነበር። ተከፈተ ሲባል ቅዳሜ ሁለቱን አንጠልጥዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ደብረ ወርቅ ሳንደርስ ትልቁ አስታወከብኝ፤ ከዚያ ሞጣ ድረስ ትንሿ ጡቴን አልለቀቀችም። እንደዚያ ሆኜ ነው የደረስኩት።

እናቴ በሩ ላይ አየችኝና ፊቷን ነጨች። «ምን አደረጉሽ! አጥንትሽ ወጣ እኮ!» ቱታዬ አልዘጋ ብሎኝ በመርፌ ቁልፍ ነው የያዝኩት፤ እሷ አጥንት ታያለች። ተማሪዎቼ ወፈረች ይላሉ፣ እናቴ ከሳች ትላለች፤ ማንን ልመን? ልጆቹን ተቀበለችኝ፣ አበላችን፣ አስተኛቻቸው። ከዚያ ከሣጥኗ ረጅም መቀነት አወጣች። «ቁሚ። በአራስነትሽ ወገብሽን ያጠበቀልሽ ሰው የለም፣ ለዚህ ነው የተበታተንሽው» አለችና ትጠመጥምልኝ ጀመር። መንገዱ አያስኬድም ብዬ እኮ ነው ቢቸና የወለድኩት፤ እሷ ሳትደርስልኝ። ይኼን እስከ ዛሬ ትቆጭበታለች።

አጥብቃ ስትስበው ሳል መጣብኝ። ሳልኩ። አመለጠኝ።

ቁጣዬ በአፌ ወጣ። «ተይው እማ! መቀነት ምን ያደርግልኛል? ሽንቴን መያዝ አቅቶኛል! ልጆች ፊት ነው ያመለጠኝ! ከሜዳው ሊያነሡኝ ነው፣ ወንበር ላይ ሊያስቀምጡኝ ነው!»

እጇ ቆመ። መቀነቱን ለቀቀችው፣ ወለሉ ላይ ወደቀ። ሄዳ በሩ አጠገብ ካለው ዱካዋ፣ ከእንጨት በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። ያ ዱካ ከማስታውስበት ጊዜ ጀምሮ እዚያ ነው። ሰው ሲመጣም፣ ማኅበር ሲበላም፣ እናቴ ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ነች፣ ብድግ ብሎ ለመውጣት እንደሚያመች ሆና። እንግዳ ለማስተናገድ ይመስለኝ ነበር።

«እኔም» አለች።

«ምን እኔም?»

«አንችን ከወለድሁ ጀምሮ። ምጥሽ ሁለት ቀን ነበር። ከዚያ ወዲህ ስስቅም፣ ዕቃ ሳነሣም…» ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበችው። «ለማን ይነገራል? ለአባትሽ? የወለደች ሁሉ እንዲህ ናት ብየ ዝም አልሁ።»

ሠላሳ ዓመት! እናቴ ቤተ ክርስቲያን ገብታ ስታስቀድስ አይቻት አላውቅም፤ ከደጀ ሰላሙ ውጭ፣ ከአጥሩ ሥር ነው የምትቆመው። «ትሕትናዋ!» ይሏት ነበር ሰዎች። ለካ ርሼ ቅድስናውን አልደፍርም ብላ ነው። ክረምት ከበጋ የምትለብሰው ጥቁር ቡኒ ቀሚስ፣ በላዩ ሌላ ቀሚስ። ለካ።

«ሠርጌም?» አልኳት።

ይኼ የቆየ ቁስሌ ነው። በሠርጌ ቀን የሙሽራው እናት በነጭ ቀሚስ መሀል ገብተው ሲጨፍሩ፣ የኔ እናት ያንን ቡኒ ቀሚሷን ለብሳ በር ላይ ተቀምጣ ታጨበጭባለች። ሰው ሁሉ አየኝ። «ልጇን ስትድር ያልጨፈረች እናት፣ ጋብቻውን ባትወደው ነው» ተባለ። እኔም አምኜው ነበር። ሱሪ ለባሽ ሆኜ ሳላኮራት ቀርቼ ነው ብዬ ስንት ጊዜ አለቀስኩ።

«ያን ቀን!» አለች እናቴ። አሁን እሷም እያለቀሰች ነው። «ከበሮው ሲመታ እግሬ አልቀመጥ አለኝ እኮ ልጄ። ዱካውን በሁለት እጄ ጥርቅም አድርጌ ይዤ ነው የተቀመጥሁ። ብነሣ አዋርድሻለሁ ብየ።»

ሄጄ እግሯ ሥር ተቀመጥኩ። ተናድጄ ነበር፤ በማን እንደሆነ አላውቅም፤ ዝም ባለው ሁሉ። ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ቁልፍ ትዝ አለኝ። ያ የላይብረሪ ወንበር የናቴ ዱካ ነው። የኔም ልጅ አድጋ እናቴ ለምን አትነሣም ብላ ትጠይቅ ይሆናል።

«በይ እማ፣ ቀጥ ብለሽ ተቀመጭ» አልኳት።

«ለምኑ?»

«ላስተምርሽ ነው። ሽንትሽ መጥቶ ገበያ መሀል ሆነሽ መግቢያ ስታጭ እንዴት ታደርጊያለሽ?»

«አንች ነውረኛ!»

«ያዥ!» አልኳት በአስተማሪ ድምፄ።

ያዘች። ትንፋሿንም ያዘች፣ ፊቷ ቀላ። «በፊትሽ አይደለም እማ! ፊትሽን ልቀቂው!» ስል ትልቁ ልጄ ነቅቶ ኖሮ አልጋው ላይ ቆሞ «ያዥ! ልቀቂ!» እያለ ያስተጋባ ጀመር። እናቴ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ስንስቅ ደግሞ ለሁለታችንም አልሆነም፤ ተያይዘን ወደ ጓሮ ሮጥን።

ቢቸና ተመልሼ ቁልፉን ለርዕሰ መምህሩ መለስኩ። «ሜዳው ላይ እቆያለሁ፤ ለጊዜው እንዳልዘል ሐኪም ከልክሎኛል» አልኩት። «ሳትዘይ ምኑን ታስተምሪያለሽ?» አለኝ። «የኳስ አሠልጣኝ ራሱ ጎል ያገባል እንዴ? እነሱ ይዝለሉ፣ እኔ አያለሁ» አልኩት። ትከሻውን ነቅንቆ ቁልፉን መሳቢያው ውስጥ ጣለው። ጥር ሲደርስ ምን እንደሚል አላውቅም። ወንበሩን ግን ከጥላው ሥር አስነሥቻለሁ፤ ቆሜ ነው የማስተምረው። ሳል ሲመጣብኝ አሁን አሁን እይዘዋለሁ። ገመዱን ገና አልነካሁትም። ድካሙ እንዳለ ነው፤ ትንሿ ጥርስ እያበቀለች ስለሆነ ሌሊቱ ብሶበታል።

የታናሽ ወንድሜ ሠርግ በጥር ነው። ትናንት እናቴ ደወለች። በአንድ እጄ ትንሿን አቅፌ፣ በሌላው ወጥ እያማሰልኩ፣ ትልቁ እግሬ ላይ ተጠምጥሞ፣ ስልኩን በትከሻዬ ይዤ ነው ያነሣሁት። ስለ እህሉ፣ ስለ ድግሱ ስታወራ ቆየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አሁን እያወራሁሽ ይዣለሁ፣ ታውቂያለሽ?»

«ጎበዝ! ልቀቂ በይ።»

ትንፋሿን ለቀቀች። «ለሠርጉ ሸማኔው ነጭ ቀሚስ ሠርቶልኛል። እስካሁን ሣጥን ውስጥ ነው። ልልበሰው እንዴ?»

ወጡ መያያዝ ጀመረ። ተውኩት።

«ልበሽ እማ።»

«ብጨፍርና ቢያመልጠኝስ? ሰው ፊት?»

«ለኔም ያመልጠኝ ይሆናል» አልኳት። «እኔም ነጭ እለብሳለሁ። ካመለጠን ተያይዘን እንወጣለን፣ ቀይረን ተያይዘን እንገባለን።»